እርማት፦ ጠገራ ብር ላይ ያለው 1780 ዕድሜውን አይናገርም

እንደ አልዩ አምባ ካሉ የቀድሞ የሲራራ ነጋዴ ገበያዎች ስለተረፉ ዕቃዎች ሲነሳ፣ «ጠገራ ብሩ 1780 ይላል፤ ስለዚህ ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። በአክብሮት፣ ይህ ልክ አይደለም። 1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ምስላቸው በጠገራ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት ነው። ነጋዴው የለመደውን መልክ ስለሚመርጥ ቪየና ያንኑ ዓመት እየጻፈች ሳንቲሙን መምታቷን (መሥራቷን) ቀጠለች፤ በ1930ዎቹ ሮምና ለንደንም ተከተሉ።

መመዘን (28.07 ግራም ገደማ፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር) እና ጠርዙ ላይ ጎልቶ የተቀረጸውን ጽሑፍ ማየት ሐሰተኛውን ለመለየት ይረዳል እንጂ ዕድሜ አይነግርም። ለዕድሜው በማጉያ መነጽር በምስሉ ላይ የማሪያ ቴሬዛን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎችና በጀርባው ያለውን የንስር የጭራ ላባዎች ቆጥሮ ከሳንቲም መዝገብ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ በቅርስ ዋጋ የሚገዛ ሰው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተመታ ሊሆን ለሚችል ሳንቲም በውስጡ ካለው የብር ማዕድን ዋጋ በላይ ይከፍላል።