እትዬ፣ ትንሽ ይነሱልኝ

ዶልፊን አለኝ። 1996 ሞዴል ቶዮታ ሃይስ፣ 3ኤል ሞተር፣ ናፍጣ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የኔ ነው፣ ቦሎም የማስለጥፈው እኔ ነኝ። የተቀረው የሰፈሩ ነው።

የዕድር ድንኳን በዶልፊን። ሰርግ ሲሆን ሙሽሮቹ በሊሞዚን፣ ድስቱ በዶልፊን። ለፋሲካ ሦስት በግ ከኋላ ጭነው ያመጡት ጎረቤቶቼ ሥጋውን ወሰዱ፣ ሽታው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እኔ ጋ ቆየ። ናፍጣ ልቅዳ ያለ የለም። ምርቃቱ ግን ሁሌ ፉል ታንክ ነው።

ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ካንዴላው (ናፍጣው እንዲቀጣጠል የሚያሞቀው) እስኪግል፣ ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ ጥቂት ሰከንድ ስጠብቅ "ጸሎት ላይ ነህ?" ይሉኛል። ታይሚንግ ቺንጋ፣ ቫልቭና ፒስተንን የሚያስማማው ቀበቶ፣ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይላተሙና መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ነው የምትከርመው። ይሄን ስናገር ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል፣ ኪሱን የሚነካ ግን የለም።

ለማያውቅ ልንገር፣ የዚህ መኪና ሞተር ጋቢና ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ ካልተነሳ ሞተሩ አይታይም። ጋቢና የሚቀመጠው ደግሞ በእኛ ወግ የተከበረ ሰው ነው።

በቀደም ለቀብር ወደ ፍቼ ስንሄድ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ቀይ ነካ። ጥግ ይዤ አቆምኩ።

"እትዬ፣ ትንሽ ይነሱልኝ፣ ሞተሩን ልየው።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሞተሩ እኔ ጋ ምን ይሠራል? ከኋላ 12 ሰው እያለ እኔን ነው የምታስነሳ?"

እሳቸው እስኪወርዱ ወንዶቹ ሁሉ መካኒክ ሆኑ። አንዱ "ቴስታታ ነው" አለ (የሞተሩን ራስ ማለቱ ነው)፣ አንዱ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው" አለ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ማለት ነው፤ ይቺ ምክር ስንቱን ሞተር እንደጨረሰች)፣ ሌላው በሃይላንድ ውሃ ይዞ የፈላውን ራዲያተር ሊከፍት ሲል እጁን ለቀም አደረግኩት። ሲከፍተው የፈላው ውሃ ፊቱ ላይ ነበር የሚፈነዳው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የጋለ ቴስታታ ይሰነጥቃል። እስኪበርድ 40 ደቂቃ ቆምን። ፍቼ ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ንፍሮ ይታደል ነበር።

ጥፋቱ የራዲያተር ቱቦ ነው፣ ተሰንጥቋል። ሁለት ወር ሙሉ "ቅዳሜ እቀይረዋለሁ" ስል ነበር። አንዱ ቅዳሜ የሰው ሶፋ ሳግዝ፣ ሌላው የመልስ በርጩማ ስመልስ አለቀ።

"ሽጠውና ተገላገል" ይሉኛል፣ ያውም የሚሳፈሩበት ሰዎች። በምን ልተካው? ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት እሳት ነው። ሲያረጅ የሚከበር የሰፈራችን ሽማግሌና የኔ ዶልፊን ብቻ ቀርተዋል።

አሁን ዘይትና ውሃ የማየው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ጋቢናው ባዶ እያለ። ባለፈው እሁድ 11 ሰዓት ሌሊት ላይ ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ። እትዬ ነጭ በነጭ ለብሰው ጋቢና ተቀምጠዋል።

"ዛሬ እንኳ አታስነሳኝም" አሉኝ። ለካ ክርስትና አለ።