ስሙ አይነገርም

የእህቴ ልጅ እዚህ በርሊን እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ካልሲ። (ማን ሞተብህ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ማንም።) ባለፈው ቅዳሜ አዲስ የገዛውን፣ ቴክኖ የሚሉት የማሽን ሙዚቃ ያለበትን ሸክላ ማጫወቻው ላይ ሲያስቀምጠው ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች መንጫጫት ጀመሩ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ከላዩ ደግሞ የብረት በር አስፋልት ላይ የሚጎትት ሰው አለ። ቤት ውስጥ እንግዳ ሲገባ ስሙን መጠየቅ ደንብ ነውና «ይሄ ደግሞ ማን ይባላል?» አልኩት። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሸክላውን አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፈና «ጋሼ፣ ይሄ እንኳን አይነገርም» አለኝ።

በገዛ ቤቴ! ኪራዩን የምከፍለው እኔ፣ መብራቱን የምከፍለው እኔ፣ ከታች ያሉት ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ሲደበድቡ ወርጄ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ።

ማታ ሊጨፍር ሲወጣ ሸክላውን ሄጄ አየሁት። መሃሉ ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ነጭ ናት። በእጅ የተመታ ማህተም አለባት፤ እሱም ቁጥር ብቻ ነው፤ ለዚያውም ግማሹ ቀለም አልያዘም። ልጁ ከእኔ የደበቀው ባዶ ወረቀት ነበር።

የሱ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ጃማይካ ውስጥ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ እየተከሉ ሕዝብ የሚያስጨፍሩ ሰዎች ከአሜሪካ ያስመጡትን ሸክላ ስሙን ፍቀው ነበር የሚያጫውቱት፤ ተፎካካሪ እንዳያገኘው። የጃማይካው ተወላጅ ኩል ሄርክም በ1970ዎቹ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ በአባቱ ምክር ሸክላውን ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፈ ወረቀቱን ይልጠው ነበር። አሁን መዘፍዘፍ ቀርቷል። ከፋብሪካው ባዶውን ይመጣል። እንደ የእህቴ ልጅ ያሉት፣ የፋብሪካ ጩኸት የሚመስለውን ቴክኖ የሚያሳድዱት፣ ጥቂት ኮፒ ብቻ የታተመና ማን እንደሠራው ያልተጻፈበት ሸክላ ካገኙ ጠበል የደረሳቸው ነው የሚመስሉት። አንድ ጓደኛው መጥቶ ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲያስጠጋ፣ ሻዛም የሚባለው ዘፈን ሰምቶ ስሙን የሚናገር የስልክ መተግበሪያ ዘፈኑን አላውቀውም ሲል፣ የእህቴ ልጅ ፊት ላይ ያየሁት ፈገግታ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቱ የመጣ ዕለት እንኳ አልታየም።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ከተረትና ምሳሌ ሁሉ ይሄን የሚያህልብኝ የለም። የማህበራችን ሊቀመንበር የተመረጠ ዕለት ተናግሬው እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም፤ ቢወድም ባይወድም እውነት ነበር፤ የአባላት መዋጮ መዝገብ የት እንደገባ አሁንም የሚያውቅ የለም። የተረተው ሰው ግን ይህን ሙዚቃ ሰምቶት ሳይሆን አይቀርም። ከሩቅ ሲሰሙት የማንም ልጅ የሚመታው አንድ ከበሮ ነው። ከበሮው ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 ያወጣው ቲአር-909 የሚባል የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው። በጊዜው ገበያ አልቀናውም፤ ብዙም ሳይቆይ መመረቱ ቆመ፤ በአሮጌ ዕቃ ዋጋ ሲሸጥ ነው ወጣቶቹ ያነሱት። ሸክላው ደግሞ ሒሳብ አለው። በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ የሚሽከረከር ሸክላ አንዱን ዙር በ1.8 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በደቂቃ 133 ጊዜ ያህል ለሚመታ ሙዚቃ ያ ልክ አራት ምት ነው። የዲትሮይቱ ጄፍ ሚልስ በ1994 መርፌው ከገባ የማይወጣባቸው ክቦች የተደረደሩበት ሸክላ አወጣ፤ እጅህን ሰደህ ካላነሳኸው ያችኑ አንድ ዙር እስከ ምጽአት ይደግምልሃል። ቀላል ሰው አይደለም። እኔ በበኩሌ ሁለት ሸክላ አንድ ላይ አስኪድ ተብዬ ቢሰጠኝ ደረጃ ላይ የተንከባለለ የድንች ጆንያ ነው ያሰማሁት።

ወደ መደበቅ ስመለስ፣ ቂም አለኝ። እዚሁ ከተማ ያሉ አንዲት እመቤት (ስማቸውን አልጠራም) ሽሯቸው በማህበር ቀን ድስቱ እስኪላስ ይበላል። አቀማመሙን ብጠይቃቸው እጄን ይዘው፣ «ለአንተማ ምን እደብቃለሁ ልጄ» ብለው አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ሽንኩርቱን፣ ኮረሪማውን፣ አቆላሉን ሳይቀር። ሠራሁት፤ ሽሮ ነው፤ ግን የሳቸው አይደለም። ከዓመት በኋላ ልጃቸው አምልጧት «በሶብላውን ረስተህ ነዋ!» አለችኝ። አልረሳሁም! አልተነገረኝም! አልናገርም ያለ ሰው ቢያንስ ሐቀኛ ነው፤ አስጎንብሶ ጆሮህ ላይ ሹክ ካለህ በኋላ አንዷን የሚያስቀር ግን ንስሐ አባት ቢኖረው ጥሩ ነው።

አሁን ደሜን የሚያፈላው ሌላ ነው። ያ ሻዛም የያዘው ጓደኛው፣ ጀርመን ነው፣ ጨዋ ልጅ፣ ሻይ እየጠጣ «ይሄ የእኛ የበርሊን ሙዚቃ ነው» አለኝ። የእህቴ ልጅም ራሱን ነቀነቀ። የማን? ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ፣ ኬቨን ሳውንደርሰን የዲትሮይት ጥቁሮች ናቸው፤ የመኪና ፋብሪካዎች እየተዘጉ የሰው ቤት ባዶ በሚቀርበት ከተማ ነው ይህን ያበጁት። ትሬዞር የሚባለው የበርሊን ቴክኖ ክለብ በ1991 የተከፈተው ናዚዎች ከአይሁድ ባለቤቶቹ የነጠቁት የቨርትሃይም መደብር ምድር ቤት፣ የገንዘብ ካዝናው ውስጥ ነው። የዝገቱ ሽታ፣ የካዝናው ፍርግርግ፣ ሁሉም የበርሊን ይሁን። ክለቡ በስሙ ያሳተመው የመጀመሪያው ሸክላ ግን አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ከሚባሉት ከዲትሮይት ሰዎች የመጣ ነው፤ የብረት መዶሻ የሆነ ሥራ። በ2024 መጋቢት የበርሊን ቴክኖ በጀርመን የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ እልል ተባለ። ይባል፤ እኛም ጥምቀትን በ2019 በዓለሙ መዝገብ ስናስገባ ብለናል። ዮርዳኖስን ግን የጎንደር ወንዝ ነው አላልንም።

ልጁን ይህን ስለው «ጋሼ፣ የዲትሮይቶቹም እኮ ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው ነበር የሚጫወቱት» አለኝ። እውነቱን ነው። የአንደርግራውንድ ሬዚስታንሱ ማይክ ባንክስና ጓደኞቹ ፊታቸውን የሸፈኑት ሰው ሥራውን ይስማ፣ መልካችንን ይተወው ብለው ነው። ራሱ የተሸፈነና ሰው የሸፈነው አንድ ናቸው እንዴ? ለዚህ መልስ አልነበረውም። ጥቁር ሹራቡን አጥልቆ በርግሃይን ወደሚባለው የቴክኖ ክለብ ወጣ፤ ሦስት ሰዓት ተሰልፎ በረኛው ምክንያት ሳይነግረው ሊመልሰው። እዚያም አይነገርም! ስልክ ላይ ካሜራው በማጣበቂያ ይታሸጋል፤ ውስጥ ምን እንዳለ አይነገርም፤ ለምን እንደተመለስክ አይነገርም። አፋቸው የተፈታው ግብር የመጣ ጊዜ ብቻ ነው። በ2016 ፍርድ ቤት የበርግሃይን ምሽት ኮንሰርት ነው ብሎ ሲወስን የመግቢያው ግብር ከ19 ወደ 7 በመቶ ወረደ።

እሁድ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ልጇ ገንዘቡን ምን ላይ እንደሚያጠፋ ሰው ነግሯታል።

«ምንድን ነው የሚገዛው?»

«ሸክላ።»

«የማንን ሸክላ?»

«ስም የለውም።»

ዝም አለች። «ምን ይላል ዘፈኑ?»

«ምንም አይልም።»

«ጥሩ» አለች፣ «አንተም አብረህ ደብቀኝ።» ስልኩ ተዘጋ። አሁን እኔን ትታ የሽሮዋ እመቤት ጋ እየደወለች ነው የምትጠይቀው፤ እሳቸውም አንድ በአንድ ነግረዋታል አሉ።