«ምንም ቢሆን ከእርስዎ ጋር ነኝ» ከማለት በፊት

ጁላይ 28 ቀን 2002 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌየር ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አንድ ማስታወሻ ላኩ። (ቀኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ገና ስምንት ወር ገደማ ይቀረው ነበር። ማስታወሻው የሚጀምረው «ምንም ቢሆን ከእርስዎ ጋር እሆናለሁ» በሚል ቃል ነው። ቀጥሎ ጥሩ ጥሩ ነገር ያነሳል። የተባበሩት መንግሥታትን ይዘን ብንሄድ፣ የፍልስጤም ጉዳይ መላ ቢበጅለት፣ ከሳዳም በኋላ ስለሚመጣው ቢታሰብ ይላል።

ነገር ግን መርካቶ ገብቶ «የጠራኸውን እከፍልሃለሁ» ካለ በኋላ ዋጋ የሚከራከር ሰው ማን ይሰማዋል?

ማስታወሻው ከመላኩ በፊት ያዩት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው። ሚኒስትሮቹ አልመከሩበትም። ይህን ያወቅነው በሰር ጆን ቺልኮት የሚመራው አጣሪ ቡድን ጉዳዩን ሲመረምር ቆይቶ ጁላይ 6 ቀን 2016 ባወጣው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ 12 ቅጽ ነው፤ 2.6 ሚሊዮን ቃላት አሉት። ጥቂት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የወሰኑትን ነገር ፈልፍሎ ለማውጣት ሰባት ዓመት ፈጀ።

እኔ የምለው ይህንን ነው። አንድ መንግሥት ለወዳጁ ጦርነት ቃል ሲገባ በመጀመሪያ የገዛ ቤቱን መጠየቅ አለበት። ይህ ለዴሞክራሲ ተብሎ ብቻ አይደለም። ካቢኔውንና ፓርላማውን ሳይጠይቅ የሚገባ መንግሥት በወዳጁም ፊት ክብደት አይኖረውም። «አገሬ አትቀበለኝም» ማለት የሚችል መሪ የሚደራደርበት ነገር አለው። ብሌየር ይህን በራሳቸው እጅ ጣሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሎርድ ጎልድስሚዝ ማርች 7 ቀን 2003 ረጅም የሕግ አስተያየት ጻፉ። ጦርነቱ ሕጋዊ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ነገር ግን ሌላ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቢገኝ ይሻላል የሚል፣ «ቢሆንም» የበዛበት ጽሑፍ ነበር። ካቢኔው ማርች 17 ሲሰበሰብ ግን የቀረበለት ለፓርላማ የተዘጋጀ አጭር መልስ ነበር። «ቢሆንም»ዎቹ የሉበትም። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቢን ኩክ በዚያው ቀን ከካቢኔው ለቀቁ።

በማግስቱ ፓርላማው ድምፅ ሰጠ፤ 412 ለ149። «እንግዲህ ፓርላማው ራሱ አጽድቆታል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ አጽድቋል። ግን መቼ? ከ40 ሺህ በላይ የብሪታንያ ወታደሮች ባሕረ ሰላጤው ላይ ተሰልፈው ትእዛዝ ሲጠብቁ ነው። በዚያ ሰዓት «አይሆንም» ማለት ሠራዊቱን ከምሽጉ መልሶ ማምጣት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ማውረድ ነበር። ይህ ምርጫ ነው ለማለት ይከብደኛል።

የሚያስገርመው ደግሞ አሜሪካ ራሷ ብሪታንያን ያን ያህል አለመፈለጓ ነው። ማርች 11 ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ፣ እንግሊዞቹ ባይገቡም ያለ እነሱ የሚኬድበት መንገድ አለ አሉ። ለንደን ደነገጠች። የእኛ ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው እንዲህ ላለው ነው።

ብሌየር ሞኝ አልነበሩም። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ ከአሜሪካውያኑ አጠገብ ከቆምኩ ይሰሙኛል፣ ከውስጥ ሆኜ አለዝባቸዋለሁ ብለው ነው። በከፊልም ሠርቷል፤ አሜሪካ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት እንድትሄድ የእሳቸው ግፊት አስተዋጽኦ ነበረው። ትልቁ ፈተና ግን ባግዳድ ከወደቀች በኋላ መጣ። ሜይ 2003 ላይ የጊዜያዊው አስተዳደር ኃላፊ ፖል ብሬመር የሳዳምን የባዝ ፓርቲ ከፍተኛ አባላት ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር ትእዛዝ አወጡ። በሳምንቱ የኢራቅን ጦር በተኑ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያ የለመዱ ሰዎች ያለ ደሞዝ ጎዳና ላይ ቀሩ። ብሪታንያ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ቁጥር 1483 ከአሜሪካ እኩል የያዥ ኃይል ኃላፊነት ነበረባት። ኃላፊነቱ እኩል፣ ሥልጣኑ ግን የአንዱ። ቺልኮትም ብሌየር በአሜሪካ ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ የማሳደር አቅማቸውን ከልክ በላይ ገምተውት ነበር ብሏል። 179 የብሪታንያ ወታደሮች ሞቱ። የኢራቃውያኑ ሞት ከዚህ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚቆጠር አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሳውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ጦርነት በስብሰባ አይመራም፤ ምስጢር አለ፣ ፍጥነት አለ፣ ወዳጅም በጭንቅ ጊዜ ቆይ ፓርላማ ልጠይቅ የሚለውን አያምንም። ቀላል መከራከሪያ አይደለም። ጥቃት የተሰነዘረበት አገር ክርክር ላይ ተቀምጦ ሊዋል አይችልም። የኢራቅ ግን እንዲያ አልነበረም፤ ለማሰብ ወራት ነበሩ።

ፓርላማ ጠይቆ የተከለከለ አገር ምን እንደሚገጥመው ለማየት ቱርክን ማየት ነው። አሜሪካ 62 ሺህ ያህል ወታደሮች በቱርክ በኩል ወደ ሰሜን ኢራቅ ለማስገባት አቅዳ ነበር። የአንድ ሙሉ ክፍለ ጦር መሣሪያ የጫኑ መርከቦች ከቱርክ ባሕር ዳርቻ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቱርክ ከ2001ዱ የኢኮኖሚ ቀውስ ገና አላገገመችም፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቀርቦላታል። መንግሥቱ ይፈልጋል። ማርች 1 ቀን 2003 ፓርላማው ድምፅ ሰጠ፤ 264 ድጋፍ፣ 250 ተቃውሞ፣ 19 ድምፀ ተአቅቦ። የደገፉት በልጠዋል። ሕገ መንግሥቱ ግን ከተገኙት ከግማሽ በላይ ይጠይቃል። ሦስት ድምፅ ጎደለ፣ ነገሩ አበቃ። መርከቦቹ ዞረው ወደ ኩዌት ሄዱ።

ዋጋ አልከፈለችም አልልም። ገንዘቡ ቀረ። ጁላይ 4 ቀን የአሜሪካ ወታደሮች ሱለይማኒያ ውስጥ የቱርክ ወታደሮችን ይዘው ጭንቅላታቸው ላይ ከረጢት አጠለቁባቸው፤ ቱርኮች ያንን ውርደት እስካሁን አልረሱትም። ነገር ግን በዓመቱ ቡሽ ራሳቸው ለኔቶ ጉባኤ ኢስታንቡል ተገኙ። ወዳጅነቱ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ካናዳማ ከዚህም ቀሏታል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ክሬትየን ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ አንገባም አሉ፤ ወታደሮቻቸውን ግን ወደ ካቡል ላኩ። «ይህን አልችልም፣ ያንን እችላለሁ» ማለትም ትብብር ነው።

ስፔን ደግሞ የተቃራኒው ምሳሌ ናት። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሆሴ ማሪያ አዝናር አብዛኛው ሕዝባቸው እየተቃወመ ከቡሽ ጎን ቆሙ። በዓመቱ ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ190 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሦስት ቀን በኋላ በተደረገው ምርጫ ፓርቲያቸው ወደቀ፣ አዲሱ መንግሥት ሠራዊቱን ወዲያው አስወጣ። ሕዝቡ ያልያዘው ቃል ለወዳጅም የሚጨበጥ አይደለም።

ብሪታንያ ከዚህ ትምህርት የወሰደች ይመስላል። ኦገስት 29 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በኬሚካል መሣሪያ ጥቃት የተከሰሰችውን ሶሪያን ለመምታት ፓርላማውን ጠየቁ፤ 285 ለ272 ተሸነፉ። በሁለተኛው ቀን ባራክ ኦባማ እኔም ኮንግረሱን እጠይቃለሁ አሉ። ድብደባው ቀረ፤ በምትኩ የሶሪያን ኬሚካል መሣሪያ ለማስወገድ ከሩሲያ ጋር ስምምነት ተደረገ። ስምምነቱ ቀዳዳ ነበረው፤ በ2017 ኻን ሼይኹን ላይ እንደገና መርዝ ጋዝ ወረደ። ስለዚህ ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እስካሁን ልቤ አልቆረጠም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ብሌየር በ«እሺ» ያላገኙትን ተሰሚነት፣ ካሜሮን ሳይወዱ በግድ በ«እምቢ» አገኙት።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ የማይገናኝ እንዳይመስላችሁ። ማርች 18 ቀን 2003 አሜሪካ የ«ፈቃደኞች ጥምረት» ያለቻቸውን 30 አገሮች ስም ይፋ አደረገች። ከአፍሪካ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያና ኤርትራ። አዎ፣ በ1998 እና በ2000 መካከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻቸውን በባድመና በጾረና የቀበሩት ሁለቱ አገሮች፣ በአንድ ዝርዝር ጎን ለጎን ተጻፉ። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሁለቱም ዋሽንግተንን ከጎናቸው ማድረግ ይፈልጉ ነበር። በእኔ ግምት አንዱ ከገባ ሌላው ውጭ መቅረት አይችልም። ጉዳዩ ኢራቅ አልነበረም። የሚገርመው ቱርክም እዚያው ዝርዝር ላይ ነበረች፤ ፓርላማዋ እምቢ ባለ በሁለት ሳምንት ተኩል።

«ስም ብቻ ነው፣ ወታደር አልላክንም» ይባል ይሆናል። ስም ቀላል ነገር አይደለም። ባሕረ ሰላጤው ላይ በየቤቱ የምትሠራ እህት አለችን፤ አገሯ በዚያ ጦርነት ከማን ጎን እንደቆመች የሚጠይቃት ሰው ሊኖር ይችላል።

ቃኘው ሻለቃን የሚያነሳ ይኖራል። ኮሪያ የዘመቱት ልጆቻችን ክብር ይገባቸዋል። እዚያ የገባነው ግን በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ነው፤ ንጉሡም በ1936 ጄኔቫ ላይ «አንዱ ሲጠቃ ሁሉም ይነሳ» ብለው የተከራከሩበት ጉዳይ ነበር። ለምን እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር ባይ ነኝ። ሕዝቡን ጠይቀዋል ወይ ካላችሁኝ ግን፣ አልጠየቁም።

በቅርብ ያለው የሱዳን ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራኛል። ኦማር አልበሽር በ2015 ሳዑዲ ዓረቢያ የመራችውን የየመን ጦርነት ተቀላቀሉ። ከላኳቸው ተዋጊዎች ብዙዎቹ ከመደበኛው ጦር ውጭ የተደራጀው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል ሰዎች ነበሩ። ኃይሉ ከዚያ ገንዘብም የውጭ ወዳጅም ይዞ ተመለሰ። በ2019 በሽርን በማውረዱ ተሳተፈ፣ ኤፕሪል 2023 ከገዛ አገሩ ጦር ጋር ተዋጋ። የሱዳን ጦርነት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ግን የሰው አገር ጦርነት የቤትን ሚዛን እንዴት እንደሚያዛባ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 የጦርነት አዋጅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ቀርቦ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲታወጅ ያዛል። ጥሩ ነው። ለወዳጅ ጦርነት የአየር ክልልን፣ አየር ማረፊያን ወይም ስምን ማዋስ ግን ጦርነት ማወጅ አይባልም፤ ዛሬ ከትናንሽ አገሮች የሚጠየቀው ደግሞ በብዛት እሱ ነው። ይህ በግልጽ ሕግ ቢደነገግ እመኛለሁ። ምን ሰጠን፣ ምን አገኘን፣ መቼ እንወጣለን የሚለው በጽሑፍ ምክር ቤት ይቅረብ። ምስጢሩ በዝግ ስብሰባ ይታይ፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ትንሽ አገር ይህን ማድረግ አይችልም የሚል ካለ ኮስታ ሪካን ያስታውስ። ጦር የላትም፤ በ1948 አፍርሳዋለች። መንግሥቷ ግን በ2003 ስሟን ለዚያ ጥምረት ሰጠ። አንድ የሕግ ተማሪ ከሰሰ። በሴፕቴምበር 2004 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድጋፉ ሕገ መንግሥቱንም የአገሪቱን ገለልተኝነትም ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ መንግሥት አሜሪካን ጠይቆ ስሟን ከዝርዝሩ እንዲያሰርዝ አዘዘ። ተሰረዘም።