ሲዘል አጨበጨብን፣ ሲወድቅ ፎቶ አነሳን

ወገኖቼ፣ «ጥበብ መስዋዕትነት ትጠይቃለች» የምትሉትን ነገር ተዉ። እየለመንኳችሁ አይደለም፣ እየተቆጣኋችሁ ነው።

ባለፈው ጥር የዘመዴ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ከባህል ቡድኑ ውስጥ አንድ ወጣት ነበር፤ በአንድ ሰዓት አራት ጊዜ ልብስ ቀየረ። የጎጃሙን ትከሻ፣ የወሎውን አንገት፣ የጉራጌውን እግር ሁሉ በዚያች ቀጭን ገላው አሳየን። እኛም ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍንለት። በኋላ አየር ልቀበል ስወጣ ከአዳራሹ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀዝቃዛ የውሃ ላስቲክ ጉልበቱ ላይ ይዞ አገኘሁት። «ሐኪም አይቶታል?» አልኩት። «ሐኪም ካየው እረፍ ይለኛል። ካረፍኩ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል» አለኝ። ተመልሼ ይህንኑ ሳወራ፣ ገበታ አብረውኝ የቀረቡ የተማሩና የተከበሩ ሰው «ምን ይደረግ፣ ጥበብ እንዲህ ናት፤ ሰው ትበላለች» አሉ። ሌሎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝ።

ጥበብ ሰው አትበላም። የዝነኛውን የሩሲያ ዳንሰኛ የቫስላቭ ኒጂንስኪን ነገር ስሙኝና ፍረዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪየቭ ውስጥ ከፖላንዳውያን ዳንሰኞች ተወለደ። አባቱ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ እናቱ ልጆቿን ይዛ ሴንት ፒተርስበርግ ከተመች፤ እሱም በ1898 የዛሩ፣ ማለትም የሩሲያው ንጉሥ፣ የባሌ ዳንስ ትምህርት ቤት ገባ። በ1909 ሰርጌይ ዲያጊሌቭ የተባለ ሩሲያዊ አዘጋጅ የዳንስ ቡድኑን ፓሪስ ሲያመጣ ከተማው በዚህ ልጅ አበደ። ሲዘል አየር ላይ ቆሞ የሚቀር ይመስል ነበር ይሉታል። ዝላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ ስሙን አላነሳም ነበር። የራሱን ዳንስ መፍጠር ሲጀምር መጀመሪያ የተወው ያንኑ ሕዝቡ የወደደለትን ዝላይ ነው። በ1912 ባሳየው የመጀመሪያ ሥራው ዳንሰኞቹ እንደ ጥንት ግሪክ የሸክላ ሥዕል በጎናቸው ይሄዳሉ፤ እሱ ራሱ የሚዘለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በግንቦት 29 ቀን 1913 ደግሞ በሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ በስትራቪንስኪ ሙዚቃ «የጸደይ መባ» የተባለውን አቀረበ። እግር ወደ ውስጥ የዞረ፣ ራስ የተደፋ፣ መሬት እየተደቃ የሚደነስ። መሬት መደቃት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን ቢያዩት ይገባቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። የፓሪስ ታዳሚ ግን ጮኸ፣ አፏጨ፣ ተሰዳደበ። ዳንሰኞቹ ሙዚቃውን መስማት ስላቃታቸው ኒጂንስኪ ከመድረኩ ጎን ወንበር ላይ ወጥቶ በሩሲያኛ ቁጥር እየጮኸ ምት ይሰጣቸው ነበር። ያ ዳንስ አሥር ጊዜ እንኳ ሳይታይ ተጣለ። መልሶ ለመገንባት የተሞከረው በ1987 ነው፤ ፈጣሪው ከሞተ 37 ዓመት አልፎ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እኛ ማንሳት የማንወደው እሱን ነውና። ዲያጊሌቭ የሆቴሉንና የምግቡን ይከፍልለት ነበር እንጂ ኒጂንስኪ በየወሩ የሚቆጠር ደመወዝ አልነበረውም። የቡድኑ ዓይን እሱ ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው በእሱ ስም ነው፤ ኪሱ ግን የሰው እጅ ይጠብቃል። በ1913 ቦነስ አይረስ ላይ ሮሞላ የተባለችውን ሴት ሲያገባ ዲያጊሌቭ በቴሌግራም አሰናበተው። በማግስቱ ዓመት ለንደን ላይ የራሱን ቡድን አቋቁሞ ዳንሰኛም፣ አሠልጣኝም፣ ከፋይም ልሁን አለ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጤናው ከዳውና ሥራው ተዘጋ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቡዳፔስት ላይ የጠላት አገር ዜጋ ተብሎ ተያዘ። በጥር 1919 ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ሞሪትዝ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ለተጋበዙ እንግዶች ሊደንስ ወጣ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ተመለከታቸው። ከዚያ ጦርነቱን እደንስላችኋለሁ ብሎ ተነሳ። በሕዝብ ፊት የደነሰው ያን ቀን የመጨረሻው ሆነ። ሠላሳ ዓመት አካባቢ ነበር ዕድሜው። የቀረውን ሠላሳ ዓመት ከአእምሮ ሕክምና ቤት ወደ ሕክምና ቤት ሲዘዋወር ኖሮ በ1950 ለንደን ላይ ሞተ።

በሽታውን ለማንም አላሸክምም። ታላቅ ወንድሙም በአእምሮ ሕመም ተሰቃይቶ በሕክምና ቤት ነው የሞተው። ግን ሰው ሲታመም የሚያርፍበት ቤት፣ የሚቆጥረው ገንዘብ፣ ሲደክመው «ዛሬ አልችልም» የሚልበት ውል ያስፈልገዋል። ያንን ነው የነፈጉት።

በ1939 ደግሞ ሰርጅ ሊፋር የሚባል ዝነኛ ዳንሰኛ ፎቶ አንሺ አስከትሎ ሕክምና ቤት ድረስ ሄደ። ኒጂንስኪ ፊት ቆሞ እየደነሰ ያነቃቃው ጀመር። ያ የወፈረ፣ ዝምተኛ፣ ሱፍ የለበሰ በሽተኛ ድንገት ከመሬት ተነሥቶ ዘለለ። ካሜራው ቀለበው። ፎቶውን ዛሬም ሰዎች እንደ ተአምር እየተቀባበሉ ያዩታል። እኔ ሳየው አፍራለሁ። ምክንያቱም እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ተወዛዋዡ ሲታመም በስልክ ቀርጸን «እባካችሁ ድረሱለት» እያልን እናሰራጫለን፤ ወደ ሞት አልጋው ካሜራ ይገባል። የአንድ ቀን መዋጮ ይሰበሰባል። ጤነኛ ሳለ በወር በወር ብንከፍለው ኖሮ ያን ቪዲዮ ማን ይፈልገው ነበር?

የሌሎቹንም እንዲሁ አድርገን ነው የምናወራው። ስለ አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ስለ ኢሳዶራ ዳንካን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ በ1927 ኒስ ከተማ ሻርፗ በመኪና ጎማ ተጠቅልሎ እንዴት እንዳነቃት ይነግረኛል። ለድሃ ልጆች በነጻ የሚያስተምር የዳንስ ቤት ለማቆም ከበርሊን እስከ ሞስኮ እንደተንከራተተችና በዕዳ እንደኖረች የሚነግረኝ ግን የለም። ጀርመናዊቷ ዳንሰኛ አኒታ በርበር በ29 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ በርሊን ላይ አለቀች፤ ከእሷ የቀረው አንድ ሠዓሊ በቀይ ቀሚስ የሣላት ምስል ነው። ዳንሰኛዋን ታትያና ባርባኮፍን አይሁድ በመሆኗ ናዚዎች አውሽዊትዝ በተባለው የግድያ ካምፕ ገደሏት። ይህን ሁሉ «የጥበብ ዕጣ» እያሉ መጥራት ገዳዩን ነጻ ማውጣት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ልመልሳችሁ። በ1990ዎቹ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ከጎዳናና ከድሃ ቤት የመጡ ልጆቻችንን ሰብስቦ ዘመናዊ ዳንስ ሲያስተምር አዱኛ የተባለው ቡድን ተወለደ። ከእነሱ አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ከተባለው ታላቅ ጃፓናዊ የዳንስ ፈጣሪ ዘንድ ለመማር ተመረጠ። ስንቶቻችን እናውቃለን? የኮንቴምፖራሪ ዳንስ ምሽት በገባሁ ቁጥር ከኋላዬ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት እብደት ነው?» የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። እብደት የሚለውን ቃል በዋዛ አታውጡት። ያልገባችሁን ዳንስ አልወደድኩትም በሉ፣ መብታችሁ ነው፤ ትኬት ከፍላችሁ ግን በሉት።

እናንተ ሰርግ ደጋሾች፣ ለድንኳኑና ለኬኩ ቀብድ ስትከፍሉ ለተወዛዋዦቹ «ሽልማት ያገኙበታል» አትበሉ። ከእንግዳው በፊት አብሏቸው። የቡድን ባለቤቶች፣ የታመመ ልጅ ሲያርፍ ቦታውን ጠብቁለት። ወላጆችም «ጨፋሪ ልትሆን ነው?» የምትሉትን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሲደንስ ገብታችሁ እዩት።

ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ወቅት ሲመለስ ለዚያ ወጣት ደወልኩለት። ከበስተጀርባው ከበሮ ይሰማል። «ጉልበትህስ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ልብስ እየቀየርኩ ነው፤ አሁን ልወጣ ነው» አለና ዘጋው።