የሾፌር ወንበር፦ በኮምፒውተር ወይስ በመንገድ?

ጥያቄው፦ ሾፌር ተመችቶት የሚነዳበትን አቀማመጥ በኮምፒውተር ሞዴል መንደፍ ያዋጣል? አንዱ ተከራካሪ የተሽከርካሪ ንድፍ መሐንዲስ ነው። ሌላው በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዱ አንጋፋ ሾፌር ናቸው።

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ መኪናው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ፔዳሉን ሁለት ጣት ማራቅ እንኳ ብዙ ገንዘብ ይበላል። እንግሊዝ ውስጥ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጀመረው ሳሚ የተባለ ፕሮግራም ስክሪን ላይ ሰው ያስቀምጣል፦ እግሩ ፍሬን ይደርሳል? ስፖኪዮው ይታየዋል? የፊያት ፑንቶ የሾፌር ቦታ ሲነደፍ ሳሚ አግዟል፤ መኪናዋም እ.ኤ.አ. የ1995 የአውሮፓ ምርጥ መኪና ተብላለች። አጭር ሴት ፍሪሲዮን አጥብቃ ለመርገጥ ወንበሩን ወደፊት ስትስብ ደረቷ መሪው ላይ ይለጠፋል። ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ከመሪው ተነፍቶ የሚወጣ የአየር ከረጢት) ካለ ደግሞ ከመሪው መሐል እስከ ደረት ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይመከራል። ሞዴሉ ይህን ጣጣ ገና በሥዕል ሳለ ያጋልጠዋል።

ሾፌሩ፦ ልጄ፣ መድረሱስ ይደርሳል። መድረስና መመቸት ግን ለየቅል ናቸው። ያንተ ሰው ሁሌም አሁን እንደተቀመጠ ነው፤ እኔን ሚሌን ሳልፍ እየኝ። ከሞጆ ስነሳ ቀጥ ብዬ ነበር። አዋሽ ላይ ግራ ክርኔ መስኮት ላይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ሸሚዜ ከወንበሩ ልብስ ጋር ተጣብቆ፣ ወደፊት ተንሸራትቼ፣ ጀርባዬ ጎብጦ ነው የምነዳው። ወገቤ ሥር አራት የታጠፈ ጋቢ አለ። እሱን የትኛው ኮምፒውተር ነደፈው?

መሐንዲሱ፦ ጋቢውን ተቀብያለሁ። ለሰዓታቱ ሰው አስቀምጦ ማስነዳት የግድ ነው። ሆኖም አሥር ሰው «ተመቸን» ቢል አሥራ አንደኛው እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የ4,063 የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች የሰውነት ልክ በአሥር መለኪያ ሲመረመር፣ በአሥሩም መካከለኛ የሆነ አንድም ሰው አልተገኘም። ይህን ሁሉ የሰውነት ቅልቅል አንድ በአንድ አስቀምጦ የሚሞክር ከሞዴል ሌላ ምን አለ?

ሾፌሩ፦ እነሱስ ተለኩ። የኔን ጋቢና የነደፈው ሞዴል የማንን እግር ለካ? ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወርዶም ፍሪሲዮን የምረግጠው በጣቴ ጫፍ ነው። ረዳቴን ሳለማምደው (ትራፊክ እንዳይሰማ!) የሱ ጉልበት ደግሞ ከመሪው ይጋጫል። ኮምፒውተሩን አልጠላሁም። ሜትር ይዛችሁ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኑ፤ ጭነት እስኪራገፍ እዚያው ነን።