ወቅቱ ሲያልቅ የሚያልቅ ሙያ

የአካባቢ ትምህርት አስተማሪ ነኝ ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ ትክክለኛው አነጋገር ግን በዓመት አራት ወር አስተማሪ፣ ስምንት ወር ሥራ ፈላጊ ነኝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ የተሰበሰቡት መንግሥታት ይህ ትምህርት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ እንዲሆን ተስማምተው ነበር፤ የአስተማሪው ውል ግን ተማሪዎች ለጉብኝት ከሚመጡበት ወቅት አንድ ቀን እንኳ አይዘልም።

ለቋሚ መደብ ሳመለክት የሚጠየቀው «ተከታታይ» የሥራ ልምድ ነው። በቅርቡ ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ኃላፊ የስድስት ወቅት የምስክር ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ካገላበጠ በኋላ፣ «በመካከል ያሉትን ወራት የት ነበሩ?» ሲል ጠየቀኝ። የት እሆናለሁ? እንደ እርሱ ባሉ ኃላፊዎች በር ላይ ነዋ! ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን አስቀድሞ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ መገኘት እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ገንዘቡ የሚመጣው በፕሮጀክት ስለሆነ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መደቡም አብሮ ይዘጋል ይባላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያለፈው ወቅት የመጨረሻ ቀን ነው። የበሰበሰ ግንድ ገልብጠን፣ ጠዋት ትል አይታ ስትጮህ የነበረች ልጅ የምድር ትሉን በመዳፏ ይዛ «ዓይኑ የት አለ?» እያለች ስትጠይቀኝ፣ ከኋላዬ የንብረት ክፍል ሠራተኛው አጉሊ መነጽሮቹንና ቦት ጫማውን እንዳስረክብ ይጠብቀኝ ነበር። ቦት ጫማው፣ በነገራችን ላይ፣ የራሴ ነበር።