ማሽኑ መጣ መብራቱ ሄደ

ኧረ ዛሬስ ልናገር ነው። ባህርዳር ላይ ማስታወቂያ ስሠራ 9 ዓመቴ ነው፣ ፊደል በጅግሶ (በእጅ በሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ) እየቆረጥኩ በሞረድ እያለሰለስኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ለሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየታዘዘ ለሚቆርጥ ማሽን) ሳጠራቅም ሳጠራቅም ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይተመን ተባለና ዶላር ከ57 ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 አለፈ፣ ያጠራቀምኩት ግማሽ ማሽን ሆኖ ቀረ። እሺ፣ እቁቡንም የባለቤቴን ወርቅም ጨምሬ ገዛሁት።

አሁን ደሞ መብራት! ቢቱ (የማሽኑ መቁረጫ ጫፍ) አክሪሊኩ (ፊደል የሚቆረጥበት ፕላስቲክ) ውስጥ እየዞረ እያለ ጥፍት፣ ሲመጣ ማሽኑ የት እንደነበር አያውቅም፣ ዜሮውን (መነሻ ነጥቡን) እንደገና ትወስዳለህ፣ ግማሽ ሚሊ ከሳትክ ፊደሉ ጥርስ ያወጣል ሺቱም (የፕላስቲኩ ሰሌዳ) ተበላሸ ማለት ነው፣ የሺት ዋጋ ደሞ የምታውቁት ነው። ጄኔሬተር ግዛ ይሉኛል፣ በምን ብሬ? ከዚሁ ከጣና ውሃ ወስዶ 460 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣና በለስ እያለ እኛ ሐይቁ ዳር ጨለማ ውስጥ እንቀመጥ?

በሌዘር ጨረር የሚቆርጥ ማሽን ይሻልህ ነበር የሚሉም አሉ። ወንድሜ፣ ግማሹ ሥራዬ ፎሬክስ የሚባለው ሰሌዳ ነው፣ ፎሬክስ ደሞ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ በሌዘር ሲቃጠል የሚወጣው የአሲድ ጭስ ሳንባም ማሽንም ይበላል።

ደንበኛው ደሞ "ኮምፒውተር አይደል የሚቆርጠው፣ ቀንስ እንጂ" ይለኛል። ዲዛይኑን ሌሊት ቁጭ ብሎ የሠራው ማነው? የተሰበረውን ቢትስ ማን ይከፍላል?

ትናንት ማታ የአንድ ካፌ ስም እየቆረጥኩ ከ11 ፊደል 7ኛው ላይ ጠፋ። ይኸው ረፋድ ሆነ፣ አልመጣም፣ ሰውየው ግን ሦስቴ ደውሏል።